በሞገድ ቀን የመጡ ሽማግሌዎች

እርጥብ ጎማ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል። ስንት ሆድ የሚያባባ ሽታ እያለ የኔ ሆድ በእርጥብ ጎማ ይባባ? ምን ላድርግ፣ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ፊቴን ልታጠብ ስገባ፣ እኛ ጋ ያደረችው የልጅ ልጄ ሳራ ያንን ጥቁር የባሕር ልብሷን ከሻወሩ ብረት ላይ አንጠልጥላው ኖሮ፣ በጨለማው ሰው የቆመ መስሎኝ "በስመ አብ!" ብዬ ወደ ኋላ ተፈናጠርኩ። ባለቤቴ ጽጌ ከመኝታ ቤት ሆና "ደሞ ምን ሆንክ?" አለች። "ምንም፤ የልጅሽ ልጅ ሌባ አስገብታብኝ ነው" አልኳት። መብራቱን ሳበራው የልብሱ እጅጌ ጠብ ጠብ ይላል። ጎማው ይሸታል፤ እግር እንዳያንሸራትት ባሕር ላይ ቆመው የሚሄዱበትን ጣውላ የሚቀቡት ሰም ደግሞ ኮኮናት ኮኮናት ይላል። ፊቴን መታጠቡን ረስቼ ክዳኑ በተዘጋ ሽንት ቤት ላይ ቁጭ አልኩና ያ እሑድ መጣብኝ። ትዝታ መቼም ቦታ አይመርጥም፤ ሰውን በተገኘበት ነው የሚይዘው።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። አዲሱ ሺህ ዓመት ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ያብዳል ተብሎ ሳያብድ ከቀረ በኋላ፣ ይሄ የመስታወት ስልክ የሰውን ሁሉ አንገት ከማጉበጡ በፊት፣ በመሐል የነበረው ደግ ጊዜ ነው። የምንኖረው ያኔም እንዳሁኑ ስዊድን፣ ኖርስቦሪ ነው፤ ቱነልባና የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ቀዩ መስመር የሚያልቅበት። ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ቢወስድህ እንኳ ቤትህን የማታልፍበት ሰፈር እያልን እንፎክርበት ነበር። በየሰገነቱ የቴሌቪዥን ሳህን ተተክሏል። ከጣቢያው በር አጠገብ ካለችው ኪዮስክ የስልክ ካርድ እንገዛና ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን አዲስ አበባ እንደውላለን፤ ካርዱ ላይ ያንን ሁሉ ሰዓት ጽፈውበት፣ እኛ "እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ" ተባብለን ሳንጨርስ ደቂቃችሁ አለቀ የምትል የተቀዳች ሴትዮ በእንግሊዝኛ ልታሰናብተን ትገባለች። እኔ አውቶቡስ እነዳ ነበር። ተሳፋሪው ያንን ረጅም የወረቀት ቲኬት አጥፎ ያቀርብልኛል፣ እኔ ማኅተሜን ጠቅ አደርግበታለሁ፤ ጠቅታው እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። ወጣቱ ሁሉ መሬት የሚጠርግ ሰፊ ጂንስ ይለብሳል። የኔም ልጅ ሜሮን በበረዶው ወራት ቤት ስትገባ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሶ ነው። "ልጄ፣ መንገድ ጠራጊ ሆነሽ ተቀጠርሽ እንዴ?" እላታለሁ። "ሉግና ደይ፣ ፓፓ" ትለኛለች፤ ተረጋጋ ማለቷ ነው።

ሜሮን አንዲት ልጃችን ናት። ስዊድን የገባነው ገና አፏን ሳትፈታ ነው። አማርኛ አንድም ሳይቀራት ትሰማለች፣ መልሱ ግን በስዊድንኛ ነው። እኔ በአማርኛ እቆጣለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ታኮርፋለች፤ በአንድ ቤት ሁለት ሬዲዮ እንደተከፈተ። እዚህ አገር ልጅ ሁሉ ዋና መቻል አለበትና ትንሽ ልጅ ሳለች ወደ ዋና ቤቱ የምወስዳት እኔ ነበርኩ። ሌላው ወላጅ ጋዜጣውን ዘርግቶ ያነባል። እኔ በዚያ ሙቀት ካፖርቴን እንደለበስኩ፣ ፎጣዋን ታቅፌ፣ ጭንቅላቷ ጠልቆ እስኪወጣ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። እሷ ትዋኛለች፣ እኔ ይደክመኛል። ምክንያት ነበረኝ። ያደግሁት ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው። በጋውን ሙሉ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን የምንሻገረው ወንዝ አንድ የክረምት ከሰዓት ደፍርሶ መጣና ጓደኛዬን መኮንንን ወሰደው። ያገኘነው ጫማውን ብቻ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለሌላው ተረት ነው፣ ለኔ ግን የሰፈሬ ወሬ ነው።

ታዲያ ይህቺ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እንደያዘች "ሰው አለ" አለች። ያለችው ለእናቷ ነው። ወሬውን ለኔ ያመጣችው ጽጌ ናት፤ ያመጣችውም ሽንኩርት ስልጥ ጠብቃ ነው፣ ባለቅስ እንዳላፍር ብላ መሰለኝ።

"ማነው?" አልኩ።

"ዩሃን ይባላል። የዚሁ አገር ልጅ ነው።"

"ምን ይሠራል?"

"ያጠናል። ለዶክትሬቱ።"

ደስ ሊለኝ ጀመረ። "ምን ያጠናል?"

ጽጌ ሌላ ሽንኩርት አቀበለችኝ። "ሞገድ" አለች።

"የሬዲዮ?"

"የባሕር።"

ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። "የባሕር ማዕበል ይጠናል እንዴ? ይሸሻል እንጂ!"

"ደግሞ ይሄድበታል አሉ" አለች ጽጌ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "በጣውላ ላይ ቆሞ።"

ወይ ጉድ! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ እያልኩ የአበሻ ልጅ ስመኝ መኖሬን አልደብቅም። ፈረንጅነቱን ግን በሳምንቱ ለመድኩት። ያልለመድኩት ባሕሩን ነው። መሬት ላይ የሚሠራ ስዊድናዊ ጠፍቶ ነው? የባንክ አለ፣ የፖስታ ቤት አለ፣ ደን ቆጥሮ የሚኖር እንኳ አለ! "ልጄን ለውሃ አልሰጥም" አልኩ። "ውሃ መች ጠየቀህ?" አለች ጽጌ። በዚሁ ተኳርፈን ሰነበትን።

ግርማ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ነበረኝ ማለት ይገባኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፤ ግን አፌ አይለውም። ከተማሪ ቤት ጀምሮ "አንተ" ስንባባል ያረጀን ሰዎች ነን። እሱ የሚኖረው ዩልስታ ነው፤ በሥራ ቀን ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ይገፋል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ የአበሻ ሁሉ ሽማግሌ ነው፤ የተጣላውን ያስታርቃል፣ የተፈላለገውን ያጋባል። ዩሃን ሜሮንን በወጉ ካልጠየቀ እንደማይሆን ሲነገረው የሄደው ወደማን መሰላችሁ? ወደ ግርማ! ከሃዲው ወዳጄም ቁጭ አድርጎ አስተማረው። ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው። ባንድ ልመና እሺ የሚል አባት የለም፣ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ጠያቂው ልጅ ግን በዚያ ቀን በልጅቱ አባት ፊት ዝር አይልም። "ራቅ በል" አለው፤ "ፊትህ እንዳይታይ።" ስዊድናዊ ደግሞ የተባለውን ያደርጋል። ጽጌም በበኩሏ ሜሮንን "አንቺም እንዳትታዪ፣ ሁስቢ ሰፈር ያለችው ጓደኛሽ ጋ ዋዪ" ብላ ሸኘቻት። እኔ የማውቀው ሁስቢ መዋሏን ነው።

ሽማግሌ ከደጅ አይመለስምና እኔም እያጉረመረምኩ ቀጠሮ ሰጠሁ። ቀኑ የጥቅምት እሑድ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ያላባራ የደቡብ ነፋስ የሰገነታችንን ሳህን አጣሞት ቴሌቪዥኑ በረዶ ብቻ ያሳያል። እኔ ለዚሁ ቀን ብዬ ከከተማ በቅናሽ የገዛሁትን አመድማ ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ፤ የሱሪው ተኩስ ወረቀት ይቆርጣል። ቀጠሯችን ስምንት ሰዓት ነው። አበሻ ስምንት ሲል ዘጠኝ ማለቱ ነው ብዬ ካልሲዬን ስፈልግ፣ በስምንት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ግርማ ነው። ከኋላው የዩሃን አባት ሌናርት ቆሟል፤ ጡረታ የወጣ የእንጨት ሥራ አስተማሪ፣ በሩን የሚሞላ ነጭ ጢማም ሰውዬ። ጫማውን አወለቀና በግራጫ የሱፍ ካልሲው ገብቶ፣ ልክ ግርማ እንዳስጠናው እጁን አጣምሮ ሳሎኔ መሐል ተገተረ።

"ተቀመጡ እንጂ" አልኩ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። እህል ውሃም አንቀምስም" አለ ግርማ። ጉሮሮውን ጠረገና "አቶ በቀለ፣ እርስዎን ከመሰለ የተከበረ ሰው ደጅ የመጣነው..." ብሎ ቀጠለ። እርስዎ! ዋዜማውን በስልክ "አንተ ሰነፍ" ሲለኝ ያመሸ ግርማ! ሳቄ እንዳያመልጠኝ ጉንጬን ከውስጥ ነከስኩት። ጽጌ የኩሽናው በር ላይ ሆና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

እኔም ወጉን ይዤ ባንድ በኩል በአማርኛ፣ በሌላ በኩል ለሌናርት ብዬ በስዊድንኛ መጠየቅ ጀመርኩ። ልጁ ጠባዩ እንዴት ነው? ጨዋ ነው። ይጠጣል? በልኩ። ለመሆኑ ዛሬ የት ነው ያለው? ይሄኛው ለወጉ ያህል የሚጠየቅ ነው፤ መልሱም "ቤቱ ተቀምጦ የእርስዎን መልካም ቃል ይጠብቃል" ነው፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሌናርት ግን አላወቀም። ግርማ አፉን ሳይከፍት ቀደመው።

"ባሕር ውስጥ ነው!" አለ ፊቱ ፈካ ብሎ። "ዛሬ እኮ ሞገድ አለ። ቶሮ ናቸው፣ ድንጋዩ ዳርቻ።"

"ናቸው?" አልኩ።

"እሱና ሜሮን።"

የጽጌ ነጠላ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከወንበሬ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። "ልጄን የሚጠይቀኝ ሰው፣ በሚጠይቀኝ ቀን፣ በሚጠይቀኝ ሰዓት፣ ልጄን ባሕር ከቷታል? አልሰጥም! አለቀ! በሉ አሁኑኑ ውሰዱኝ።"

"ወዴት?" አለ ግርማ።

"ልጄ ወዳለችበት ነዋ!"

የሌናርት ቮልቮ የውሻ ፀጉርና የሞተር ዘይት የምትሸት አሮጊት ናት። እኔ ከፊት፣ ግርማና ጽጌ ከኋላ። ሽማግሌና ተለማኝ አባት ባንድ መኪና ተጭነው ሲሄዱ ያየ ካለ እስቲ ይንገረኝ! ከቱምባ ወጥተን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ደኑ በሁለት በኩል ይተራመሳል። እኔ ዕድሜ ልኬን መሪ የያዝኩ ሰው የሌለ ፍሬን እረግጣለሁ። ሌናርት ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ "እኔም እፈራለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ልጄ ባሕር በገባ ቁጥር። ግን የማያውቀው ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።" የሌለውን ፍሬን ደግሜ ረገጥኩ። ይህን ጊዜ ግርማ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አቶ በቀለ፣ መኪና ውስጥ መቆም ስላልተቻለን ይቅርታ ያድርጉልንና፣ እርስዎን ከመሰለ..."

"ግርማ፣ አንተ ዝም አትልም? አልሰጥም አልኩ እኮ!"

"እሺ፣ ሰምተናል" አለ ግርማ፣ በጣም ደስ ብሎት። ምን እንዳስደሰተው የገባኝ ኋላ ነው።

ባሕሩን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ቶሮ አሸዋ የለውም፤ ዳርቻው ሁሉ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ የሆነ ድንጋይ ነው፤ ሞገዱ ሲመለስ ድንጋዩን ይጎትተውና እርስ በርሱ ሲንጋጋ ድምፁ ጥዶቹን አልፎ መኪና ማቆሚያው ድረስ ይመጣል። በአዲስ ጫማዬ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ውሃው እንደ ሱሪዬ አመድማ ነው። ከዳር ራቅ ብሎ ጥቋቁር ጭንቅላቶች ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ ሁሉም ጎማ ለብሰው፣ ሁሉም ኮፍያ አጥልቀው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ከነዚያ ጥቋቁር ነጥቦች ልጄ የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ አልቻልኩም። ከቀበና ወዲህ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ደረሰብኝ አልኩ በሆዴ።

ከነጥቦቹ አንዷ ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። ጣውላው ላይ በደረቷ ተኝታ በእጆቿ ቀዘፈች። ከኋላዋ ያለው ውሃ ሲነሳ እሷም አብራው ተነሳችና በእግሮቿ ቆመች። ሞገዱ ከወዲያ ጫፍ ጀምሮ እየተጠቀለለ ይመጣል፣ እሷ ሁልጊዜ ከሚጠቀለለው ትንሽ ቀደም ብላ፣ እጆቿን ዘርግታ ወደ እኛ ትንሸራተታለች። ትስቃለች። ልጄ መሆኗን ያወቅሁት በሳቋ ነው፤ ሕፃን ሆና ወደ ላይ ስወረውራት የምትስቀው ሳቅ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ቀና ስትል አባቷን ሙሉ ልብስ ለብሶ ከሁለት ሽማግሌ መሐል፣ እናቷን ደግሞ ነጠላዋ እንደ ሰንደቅ ሲውለበለብ አየች። ወዲያው ወደቀች። እኔም "ኡ!" አልኩ፤ ግን ውሃው ወገቧ ድረስ ነበርና ቆማ ወጣች።

ከኋላዋ ጥቁር ጎማ የለበሰ አንድ ረጅም ሰው ሊያግዛት እየቀዘፈ መጣ፤ ዩሃን ነው። እኛን ሲያይ ሰላም ሊለን ጣውላውን አቅፎ ወደ ዳር መውጣት ጀመረ። ግርማ ሁለት እጁን ወደ ላይ አውጥቶ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፤ "ተመለስ! ተመለስ! ጉዳዩ አላለቀም! ፊትህን አታሳይ!"

ዩሃን ቆመ። አባቱን አየ፣ ሜሮንን አየ፣ ግርማን አየ። ከዚያ፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ዞሮ ወደ ባሕሩ ተመለሰ፤ ራቅ ብሎም ጀርባውን ሰጥቶን ጣውላው ላይ ተቀመጠ። ወግ ማክበር እንደዚያ ነው!

ሜሮን ጥርሷ እየተንገጫገጨ ፊቴ ቆመች። ልቆጣ አፌን ስከፍት "አባዬ" አለችኝ። ፓፓ አላለችም። "አባዬ፣ አንድ ጊዜ ስማኝ። ከዚያ ተቆጣ።" በአማርኛ! ጽጌ ክንዴን ያዘችኝ። ልጄ ቃል ሲጠፋት በእጇ እየሣለች፣ ሲያቅታት ቆማ እያሰበች፣ በአማርኛ ነገረችኝ።

"ይሄ ሞገድ እዚህ አልተወለደም። ከባሕሩ ማዶ ነው የመጣው። ነፋስ ውሃውን ሲነካው መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ይሸበሸባል። ነፋሱ ጠንካራ ከሆነ፣ ብዙ ሰዓት ከነፈሰ፣ የሚሮጥበት ሜዳም ረጅም ከሆነ፣ ያ ትንሹ ያድጋል። ሦስቱም አንድ ላይ መሆን አለባቸው። የኛ ባሕር ትንሽ ስለሆነች ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ዛሬ ገጠሙ። ሞገድ በቀጠሮ አይመጣም፣ አባዬ።"

"እና ያ ሁሉ ውሃ ከማዶ ድረስ ሮጦ መጥቶ ነው ልጄን የሚመታት?"

"አይደለም! ያቺን ወፍ እያት።" አንዲት የባሕር ወፍ ውሃው ላይ ተቀምጣለች። ሞገድ ሲመጣ ከፍ ትላለች፣ ሲያልፍ ዝቅ ትላለች፣ ቦታዋ ግን ያው ነው። "አየህ? ውሃው እዚያው ዞሮ እዚያው ይመለሳል። የሚጓዘው ጉልበቱ ነው።"

ወፏን አየሁ። እውነትም አልተነቃነቀችም። "ታዲያ እዚህ ሲደርስ ምን አስነሳው?"

"ታቹ መሬት ይነካል። ጥልቁ ላይ እያለ መሬት መኖሩን አያውቅም። ዳር ሲቀርብ መሬቱ ይይዘውና የፊተኛው ይዘገያል፤ የኋለኛው ገና እየፈጠነ ነው፣ ይደርስበታል። ይጠጋጋሉ። ቦታ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሳል።"

"በበረዶ ቀን እንደ አውቶቡስ!" አልኩ ሳላስበው። የበረዶ ቀን የፊተኛው ነጂ ሲዘገይ የኋለኞቹ ይደርሱበትና አንድ ማቆሚያ ላይ ሦስት አራት ሆነን እንከማቻለን፤ ስንቴ ተሰድቤበታለሁ።

"አዎ! አዎ፣ አባዬ!" በእርጥብ እጇ ደረቴን መታችኝ። "ከዚያ አናቱ ከእግሩ ይቀድምና ይደፋል። ወርዱን ሁሉ ባንዴ ከተደፋ መጥፎ ነው፣ አንገባበትም። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲደፋ ነው ጥሩው። ያንን የሚወስነው የታቹ መሬት ቅርጽና ሞገዱ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ዩሃን የሚያጠናው እሱን ነው። ጠዋት ነፋሱ ሲጮህ አላስገባኝም፤ ዳር ተቀምጠን ነፋሱ እስኪደክም ጠበቅን። ነፋሱ ሲተኛ ሞገዱ አይቆምም፤ ሰዓታት ይመጣል፣ እንዲያውም ይስተካከላል።"

ዙሪያዬን ሳይ እውነትም ነፋሱ ወድቋል፤ የጽጌ ነጠላ መውለብለቡን ትቶ ትከሻዋ ላይ አርፏል። እኔ ግን፣ ልንገራችሁ፣ ከሞገዱ ትምህርት ግማሹን አልሰማሁም። የሰማሁት አማርኛዋን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በጭቅጭቅ ያላወጣሁላትን አማርኛ ይህ ሰውዬ ጣውላ ላይ ተቀምጦ አወጣላት። ይህቺ ልጅ ምን ያህል ብትወደው ነው፣ ብርድ እያንቀጠቀጣት፣ የሌላትን ቃል ከየትም ለቃቅማ የምትለምነኝ አልኩ። ሆዴ እንደ ቅቤ ቀለጠ። አፌ ግን አባት ነውና ገና አልቀለጠም።

ግርማ ድንጋዩ ላይ እግሩን አደላድሎ እጁን አጣመረ። ሌናርትም በፍጥነት እጁን አጣመረ። "አቶ በቀለ" አለ ግርማ፤ "ባንደኛው ቤትዎ ቆመን ለመንን፣ አልሰጥም አሉ። በሁለተኛው መኪና ውስጥ ለመንን፣ አልሰጥም አሉ። ይህ ሦስተኛው ነው። ወጉን ሞልተናል።"

ለካ ሲቆጥር ነበር! መሳቅ አማረኝ፣ ማልቀስም አማረኝ። ከሁለቱ አንዱን ሳልመርጥ ወደ ባሕሩ አየሁ። ዩሃን አሁንም ጀርባውን ሰጥቶ እዚያው ተቀምጧል። ጥሩ ጥሩ ሞገድ በሥሩ ያልፋል፣ አንዱንም አልያዘም። ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ቀብሮ ትከሻው ይንዘፈዘፋል።

"ያ ልጅ ለምንድነው የማይወጣው?" አለች ጽጌ።

"ቃል ሳይሰጥ አይወጣም" አለ ግርማ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሜሮን ትንፋሿን ይዛለች። ትንፋሽ የሚይዝ ሰው ምን እንደሚመስል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

"አውጡት" አልኩ። "በረደው።"

ጽጌ እልልታዋን ስታቀልጠው ባሕር ውስጥ የነበሩት ፈረንጆች ሁሉ ሰው የሰጠመ መስሏቸው ዞሩ። ሌናርት አለቀሰ፤ ያን የሚያህል ሰውዬ! ዩሃን ከንፈሩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፣ ጣውላውን ጣለና እንደተማረው ድንጋዩ ላይ ተንበርክኮ ጉልበቴን አቅፎ ሳመ። መሳም ብቻ መሰላችሁ? በዚያ ጎማ የተሸከመውን ባሕር በሙሉ አዲሱ ሱሪዬ ላይ ጨመቀው። ውሃው በጉልበቴ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ገባ። በረዶ ነው! አፍንጫዬ ሥር እርጥብ ጎማና ኮኮናት ሸተተኝ። "ተነስ ልጄ" አልኩት፤ ልጄ ያልኩት ሳላውቀው ነው።

ያ ሱሪ እስካሁን አለኝ። ሲደርቅ ሁለቱም ጉልበት ላይ ነጣ ያለ ቀለበት ጣለ፣ ሳይታጠብ ቀረ። ጽጌ የሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ተራችን በደረሰ ቁጥር ልትወስደው ትሞክራለች፣ እኔ እደብቃለሁ። ዩሃን ደግሞ የባልቲክ ባሕር ጨው ጥቂት ስለሆነ እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም እያለ ይከራከረኛል። ዶክተር ነው፣ ይከራከር።

እኔ እንዲህ ሽንት ቤት ላይ ተቀምጬ በትዝታ ስዋኝ ሳራ በሩን አንኳኳች። "ሞርፋር፣ ደህና ነህ?" የናቷን አባት በስዊድንኛ እንዲያ ነው የሚሉት። ወጣሁ። ፊቷን ሳይ ነገር እንዳለ ገባኝ። ለካ ማታ እኛ ጋ ልደር ብላ የመጣችው ከአባቷ ጋር ተኳርፋ ነው። ከጓደኞቿ ጋር ፖርቱጋል፣ ትልቁ ውቅያኖስ ዳር፣ በሞገድ ላይ መሄድ የሚማሩበት ቦታ ልትሄድ ትፈልጋለች፤ ዩሃን አይሆንም ብሏል። ዩሃን! እዚያ ያለው ሞገድ ስንት ቀን ተጉዞ እንደሚመጣና ምን ያህል ጉልበት እንደሚይዝ ወረቀት ላይ ሠርቶ አሳይቷታል። አይ ያባት ነገር፤ እኔ ባለማወቄ ፈራሁ፣ እሱ በማወቁ ፈራ።

"ሞርፋር" አለች፤ ከዚያ በአማርኛ፣ እየተጠነቀቀች፣ "ሽማግሌ ትሆነኛለህ?"

በማግስቱ እሑድ አመድማውን ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፤ ኮቱ አልቆለፍ አለኝ እንጂ ሱሪው እንደምንም ገባ። ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም። ግርማ ቢኖር ከፊቴ ይሄድ ነበር፤ ስለሌለ ጽጌን ይዤ ሄድኩ። ዩሃን በሩን ከፈተ። ጫማዬን አውልቄ ሳሎኑ መሐል እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ሜሮን ገና ስታየኝ አፏን በእጇ ያዘች።

"ተቀመጡ እንጂ፣ ጋሼ" አለኝ ዩሃን፤ አማርኛው መቼም ዛሬ ከማንም አያንስም። "ጉልበትዎን ያምዎት የለ?"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አልኩ። "ዶክተር ዩሃን፣ እርስዎን ከመሰለ የተከበረ ሰው ደጅ የመጣነው..."

እርስዎ ስለው ሊስቅ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ወረድ አለና ጉልበቴ ላይ ያሉትን ሁለት ነጫጭ ቀለበቶች አየ። ሳቁን ተወው።

"ዛሬ አልሰጥም" አለ ቀና ብሎ። "ይሄ አንደኛው ነው። ሁለት ይቀርዎታል።"

ነጠላዋን ስታስተካክል ጽጌን አየኋት፤ እልልታዋን ከወዲሁ እያዘጋጀች ነበር።